የተመረገው ድብኝት

ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ ታኅሣሥ ሊጋመስ ሲል፣ አንዲት እናት ጓዳቸው ውስጥ ተንበርክከው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጭቃ ለብሰዋል። ጭቃው ከጭድና ከእበት ጋር የተቦካ ነው። ከግድግዳው ሥር ሦስት ድብኝት ቆሟል፤ በአንዱ በቆሎ፣ በሌላው ዳጉሳ፣ በሦስተኛው ጤፍ አለ። የበቆሎውና የዳጉሳው አፍ በሰፌድ ብቻ ተከድኗል። ሴትዮዋ የሚመርጉት የጤፉን ነው። አፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠሙበት፣ ዙሪያውን በጭቃ ደፈኑት፣ በመዳፋቸው አለሰለሱት፤ ሲጨርሱም በአውራ ጣታቸው መሐሉ ላይ መስቀል አበጁበት።

«ይኸ የግንቦት ነው» አሉ። «የማዳበሪያ ነው። የልጅቱም የፍኖተ ሰላም ቤት ኪራይ አለበት። ክፍት ከተውሁት ለሰርግ ሲሉኝ እዘግናለሁ፣ ለተዝካር ሲሉኝ እዘግናለሁ፤ ግንቦት ሲመጣ ድብኝቱም እኔም ባዶ ነን።»

«እማማ፣ በቆሎው ይበዛ የለም እንዴ? ስለምን ጤፉን መረጡ?» አላቸው እንግዳው።

«አይ ልጄ! በቆሎን ነቀዝ ይቀድመኛል። ጤፍ ነቀዝ አያውቅም።»

እንግዳው የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ ነው። የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆኖ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለዓመታት ከቤት ቤት ሲዞር ኖሯል። ያን ቀን የሄደው ስለ ጎተራ አያያዝ ሊያስተምር ነበር፤ ሲመለስ ግን ደብተሩ ላይ የጻፈው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ሰው የዓመት ውጥኑን እንዴት ዓመት ያደርሰዋል የሚለው ጥያቄ ከዚያ በፊትም ሲያብሰለስለው ቆይቷል።

ባለሙያው በሥራው መጀመሪያ ዓመታት አንድ ልማድ ነበረው። መስከረም ሲጠባ፣ መስኩ አደይ ሲለብስ፣ በየደጁ እሸት በቆሎ እየተጠበሰ፣ ደብተሩን ይዞ ይዞርና «ዘንድሮ ምን አስበዋል?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ አጥቶ አያውቅም። አንዱ ሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ ሊያለብስ ነው። አንዷ በሬ ልታደልብ ነው። አንዱ አረቄ ሊተው፣ ሌላው ያቋረጠውን ትምህርት ሊቀጥል ነው። ሁሉንም በስምና በቀን ይመዘግባል። መጋቢት ላይ ደብተሩን ገልጦ ሲሄድ ግን ብዙው ውጥን ከባለቤቱ አፍ ጠፍቶ ያገኘዋል። «ብዬ ነበር እንዴ?» ያሉትም አሉ። ባለሙያው በዚያን ጊዜ የደረሰበት ፍርድ አጭርና የተሳሳተ ነበር፤ ገበሬው ቁርጠኝነት ይጎድለዋል ብሎ ደመደመ። በስብሰባም እንዲሁ ተናገረ። ዛሬ ያን ንግግሩን ሲያስታውስ ያፍርበታል፤ ስሕተቱ የገበሬው ሳይሆን የጠያቂው ነበርና።

ስሕተቱ ያለው ከወሩ ላይ ነው። መስከረም በጎጃም ገበሬ ቤት ተስፋ የሚሞላበትና ኪስ የሚጎድልበት ወር ነው። አዝመራው ገና ማሳ ላይ ነው፤ ክረምቱን ያወጣው እህል ደግሞ ተሟጧል። ሰው እንዲህ ባለ ወር የሚያስበው ገና ባላየው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር፣ በቆሎው ተሸልቅቆ፣ ጤፉ ተወቅቶ፣ በርበሬው ተለቅሞ ሲሰጣ ነው። በእነዚያው ወራት ግብር ይከፈላል፣ የቆየ ብድር ይጠየቃል፤ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ደግሞ ሰርጉ ይደራረባል። እህል የሚረክሰውም ያኔ ነው፤ ሁሉም ስለሚሸጥ። ግንቦት ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲፈለግ እጅ ባዶ ይሆናል። የመስከረሙን ውጥን የተናገረው ሰው አልዋሸም። የተናገረው ወር ሌላ፣ ገንዘቡን የያዘው ወር ሌላ ሆነበት እንጂ።

ይህ የጎጃም ብቻ ጠባይ አይደለም። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ በሚባል አካባቢ፣ እንደ ምዕራብ ጎጃሙ ጃቢ ጠህናን በቆሎ በሚዘራበት አገር፣ ተመራማሪዎቹ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን ለዓመታት ገበሬውን ተከታትለው ነበር። በሚቀጥለው ወቅት ማዳበሪያ ትጠቀማለህ ወይ ተብለው ከተጠየቁት ውስጥ ከ100 ወደ 98 የሚጠጉት አዎ አሉ። አድርገው የተገኙት ግን ከ100 ወደ 37 ገደማ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ስብከት አልጨመሩም። ገበሬው አዝመራውን እንደሰበሰበ፣ እጁ ሞልቶ ሳለ፣ ደጁ ድረስ ሄደው ማዳበሪያውን አሁን ከፍለህ ግዛው፣ በሚዘራበት ጊዜ ያለ ማጓጓዣ ክፍያ እናደርስልሃለን አሉት። ማዳበሪያ የሚጠቀመው ገበሬ ቁጥር ከነበረው በ47 እስከ 70 በመቶ ጨመረ። ትንሿ ማበረታቻ በአዝመራ ሰሞን ያመጣችውን ለውጥ በዘር ሰሞን ለማምጣት እጅግ የሚበልጥ የዋጋ ቅናሽ ይጠይቅ ነበር። ጥናቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ዱፍሎና ክሬመር ከአቢጂት ባነርጂ ጋር በ2019 እ.ኤ.አ. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

የቡሬዋ እናት ይህን ጥናት አልሰሙም። ድብኝታቸውን በታኅሣሥ ሲመርጉ ግን የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ ውሳኔውን እጅ በሞላበት ሰዓት ይጨርሱታል፣ ከዚያም በራሳቸውና በጤፉ መካከል የጭቃ ግድግዳ ያቆማሉ። ግድግዳው ሌባ አይከለክልም። ባለቤቲቱን ግን ለአንድ አፍታ ያስቆማል፤ ጤፉን ለመንካት ምርጉን መስበር፣ መስቀሉንም ማፍረስ አለባቸው።

ባለሙያው ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ከመስከረም ወደ ዐውድማ አዛወረው። ምርቱ ተበራይቶ፣ ተዘርቶ፣ ክምሩ ንጹሕ ሆኖ ሲታይ ከባለቤቱ ጋር አጠገቡ ይቀመጥና «ከዚህ ውስጥ የግንቦቱ የትኛው ነው?» ይላል። ክምሩን እያየ የሚመልስ ሰው መልሱ ከመስከረሙ ያነሰ፣ ግን የጸና ነው። በመስከረም አምስት በሬ የሚያደልበው ሰው ዐውድማ ላይ አንድ ይላል፤ አንዱን ደግሞ ይገዛዋል። ገበሬው ቀድሞውንም የራሱ መመረጊያ ነበረው። ትርፉን በብር የያዘ ሰው ብሩ በየገበያው ይሸረፍበታል። ጊደር የገዛበት ግን ለአንድ ግብዣ ብሎ የጊደሯን እግር ቆርጦ አይሸጥም። ባሕር ዛፍ የተከለም ያው ነው፤ ከተከለው በኋላ በየቀኑ ልቡን ማበርታት አያስፈልገውም፣ ዛፉ ሳይጠይቀው ያድጋል። በጎረቤት አዊ ዲከረንስ ተክለው ጥቂት ዓመት ጠብቀው ከሰል የሚያወጡትም ከዚሁ ወገን ናቸው። በቀድሞው አብቁተ፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ደብተር አውጥቶ አዝመራ በተሸጠ ማግስት የሚያስቀምጥ ሰውም እንዲሁ ምርጉን በወቅቱ መርጓል።

ወር መምረጥ ግን ለሁሉም ውጥን አይበቃም። ትምህርት፣ ሙያ፣ የጠባይ ለውጥ እንደ ጤፍ በአንድ ቀን ተሰፍሮ አይመረግም። በየቀኑ የሚሠራ ነገር ሌላ ብልሃት ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ጎጃም ከሩቅ መበደር የለበትም።

የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ስም ከጎጃም ጋር አብሮ ይጠራል። ከወላጆቹ ቤት ኮብልሎ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ የወጣ የቆሎ ተማሪ ግቡ ሩቅ ነው። ባለቅኔ መሆን ይፈልጋል፤ ቢሆንለት መምህር። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን መወድስ አምጣ የሚለው የለም። ግስ ያጠናል፣ ርባ ቅምሩን ይማራል፤ ቅኔውን በሁለት ቤት፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። እርሱ ሲቀናው ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚ በዝኁ ይሻገራል። ዋዜማ አምስት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ይደርሳል። እያንዳንዱ እርከን ስም ስላለው ተማሪው የት እንደደረሰ መቼም አይጠፋውም። «ምን ላይ ነህ?» ቢሉት «ዋዜማ ላይ ነኝ» ይላል። በዚህ ቃል ውስጥ ያለፈውም የሚቀረውም አለ።

ከሁሉ በላይ ባለሙያውን የሚደንቀው የተማሪው ቀን አሠራር ነው። ቀን ጫካ ገብቶ፣ ከጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል። ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል። መምህሩ ያርመዋል፤ ያልሆነውን አልሆነም ይለዋል፣ የጎበጠውን ያቀናለታል። የተበላሸ ቅኔ ዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ ነገ ሌላ ይቆጠራል። ብዙ የመስከረም ውጥን የሚሞተው እንዲህ ያለ አራሚ በማጣት ይመስላል። ሰውየው አንድ ሳምንት ሲስት የሚያርመው ስለሌለ፣ የአንዱ ሳምንት ስሕተት የዓመቱ ሁሉ ውድቀት ይመስለውና ደብተሩን ይዘጋዋል። ማታ ማታ የሚያርመው ቢኖር ኖሮ የሚጥለው የዕለቱን ብቻ ነበር።

ንብ ማነብ የጀመረ አንድ ወጣት ይህን እርከን በራሱ መንገድ ሠርቶታል። በመስከረም የተናገረው አሥር ዘመናዊ ቀፎ ነበር፤ ዋጋውን ሲያጣራ ወገቡ ተቆረጠ። ባለሙያው ወደ ዝቅተኛው ደረጃ መለሰው፤ ከባህላዊው ቀፎ ወደ ዘመናዊው በአንዴ ከመዝለል በመሐል የሽግግር ቀፎ አለ፣ ከሸምበቆና ከጭቃ በገዛ እጅ የሚሠራ። ወጣቱ አንድ ሠራ። አደይና መች አብቦ ካለፈ በኋላ ከዚያ አንድ ቀፎ ማር ቆረጠ። አሁን «ስንት ቀፎ አለህ?» ሲባል ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት «ሽግግር ላይ ነኝ» ይላል።

ስለት ሌላው የአገር ዕውቀት ነው። በአንድ የጥር ወር ባለሙያው ከሰከላ መልስ መንገድ ላይ አንድ የሚያውቃቸውን ሰው አገኘ። ቀድሞ አረቄ ቤት የማይጠፉ ሰው ነበሩ፤ ደብተሩ ላይ ሦስት መስከረም በተከታታይ «መጠጥ እተዋለሁ» ብለው አስመዝግበዋል። ያን ቀን ነጭ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው፣ ከግሽ ዓባይ የአባታችን የአቡነ ዘርዓ ብሩክ የጥር 13 ንግሥ እየተመለሱ ነበር።

«አያ፣ ደኅና ሰነበቱ? ስለትዎን አደረሱ?»

«አደረስሁ። አምና እዚሁ ቆሜ ዓመት ሙሉ ባልቀምስ ወይፈን አስገባለሁ ብዬ ነበር። ወይፈኑን ሰጠሁ።»

«ለእኔም እኮ ሦስት ጊዜ ነግረውኝ ነበር።»

«ለአንተማ ወሬ ነበር የነገርሁህ» አሉት፣ ሳይቀየሙና ሳይስቁ።

ባለሙያው በዚህ ንግግር ለብዙ ቀን አሰበ። ስለት የሚከፈልበት ቀን የታወቀ ነው። የሚሰጠው ነገርም የታወቀ ነው፤ ወይፈን ነው፣ ጧፍ ነው፣ ጃንጥላ ነው። ተሳዩ ቆሞ የተናገረበት ስፍራ አለ፤ በዓመቱ ወደዚያው ስፍራ በእግሩ ይመለሳል። ለባለሙያው የተነገረው ውጥን ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ስለት የእምነት ነገር ስለሆነ ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ገበሬን ተሳል ሊለው አይገባም፤ ባለሙያውም አይለውም። ቅርጹን ግን መማር ይቻላል። በየወሩ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን የሚዘክር የጽዋ ማኅበር በየጎጡ አለ። ማኅበርተኛው ባለሙያ ባይጠራውም በወሩ ይሰበሰባል። ጠላው ከቀረበ በኋላ «ባለፈው ወር ያልኸው ጉድጓድ የት ደረሰ?» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ በወረዳ ከሚጻፍ ሪፖርት ይልቅ ያ ጥያቄ ይሠራል፤ ጠያቂው ማኅበርተኛ ነው፣ ነገም ከነገ ወዲያም አብሮ ይኖራል።

ለመበርታት ሰው ማየትም ይረዳል፤ ማንን ያያል የሚለው ግን ይወስነዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ተመራማሪዎቹ ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ስዩም ለገበሬዎች አጫጭር ፊልሞች አሳይተው ነበር። ፊልሞቹ በገበሬው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ከተመልካቹ ጋር የሚመሳሰል ኑሮ ያላቸው ወንዶችና ሴቶች በራሳቸው ጥረት እንዴት እንደተለወጡ የሚያሳዩ ነበሩ። ሌላ ቡድን ደግሞ ለማነጻጸሪያ የቴሌቪዥን መዝናኛ እንዲያይ ተደረገ። ከ6 ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ እንደነርሱ ያለውን ሰው ያዩት ልጆቻቸውን ለማስተማርና ለመቆጠብ ያላቸው ትጋት ጥቂት ቢሆንም ጨምሮ ተገኘ። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ ያዩት ሰው ብቻ ነው የተለየው።

ባለሙያው ይህን ሲያነብ የመስክ ቀኖቹ ትዝ አሉት። የመስክ ጉብኝት ሲዘጋጅ የሚመረጠው ሁልጊዜ ያው ሞዴል አርሶ አደር ነው፤ አራት በሬ ያለው፣ መሬቱ ከመንገድ ዳር፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር የገዛ። ሁለት ቃዳ መሬት ብቻ ያለው ጎብኚ ማሳውን እያየ «እርሱማ እርሱ ነው» ይልና ይሄዳል። አሁን ባለሙያው ሁለት ቃዳ ያለውን ገበሬ ሁለት ቃዳ ካላት ሴት ጓሮ ይወስደዋል። የምታሳየው ትልቅ ነገር ላይሆን ይችላል፤ በመስመር የተዘራ አንድ ጥማድ ጤፍ ወይም በጓሮ የበቀለ የዝናብ ድንች ይሆናል። ጎብኚው ግን ስለ ዘር መጠን መጠየቅ ይጀምራል፤ ባለሙያው የሚጠብቀውም ይህንን ጥያቄ ነው።

የከተማው ልጅ ጉዳይ ከበድ ይላል። በፍኖተ ሰላም በኪራይ ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ከገጠር ስንቅ እየተቀበሉ የሚማሩ ልጆች የዓመት ግባቸው አንድ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና። በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን ቁጥር የሰማ ልጅ ሐሞቱ ቢፈስ አይፈረድበትም። ለእንዲህ ያለ ልጅ «በርታ፣ ታልፋለህ» ማለት ባለሙያው ከማይወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ውጤቱ በልጁ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ በልጁ እጅ ያለው ዛሬ ማታ የሚሠራው የሒሳብ ጥያቄ ነው፣ እንደ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት። የቡሬዋ እናት ልጅ በግድግዳዋ ላይ የለጠፈችው የምኞት ወረቀት ሳይሆን የተሠሩ ጥያቄዎች ቁጥር ነው፤ በየቀኑ በእርሳስ ትጨምርበታለች፣ እሑድ እሑድ አንድ ክፍል ከፍ ያለች ጎረቤቷ ታርምላታለች።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተነሳው ግጭት ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጀምበር የሚበትንበት ጊዜ አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ማዳበሪያ ይዘገያል። ስለ ዕቅድ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ቢጽፍ ለአንባቢው ታማኝ አይደለም። ባለሙያው ያስተዋለው አንድ ነገር ነው። ዕቅዱን በቀን ቁጥር ብቻ ያሰረ ሰው መንገዱ ሲዘጋ ዕቅዱም ይፈርስበታል። «መንገድ ሲከፈት»፣ «ዝናቡ ሲረግጥ»፣ «በተመለስሁ በማግስቱ» ብሎ ያሰረው ግን የሚቀጥልበትን ቦታ አይስትም። ገበሬው ድሮም ዘሩን የሚያስረው በቀን ሳይሆን በዝናብ ነው፤ ልጆቹም ከእርሱ ሊማሩት ይችላሉ።

ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ ባለሙያው ወደ ቡሬው ቀበሌ ተመለሰ። ማዳበሪያው በመዘግየቱ ምርጉ እንዳለ ነበር፤ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ መስቀሉ ግን ይታያል። እናቲቱ በማጭድ እጀታ ዙሪያውን ቀስ አድርገው መቱት፤ ጭቃው በቁራጭ በቁራጭ ወደቀ። ድንጋዩን አንሥተው እጃቸውን ሰደዱ፣ የዘገኑትን ጤፍ ወደ ብርሃን አውጥተው በመዳፋቸው ገለባበጡት። ለማዳበሪያው የሚሆነውን በቁና ሰፍረው ወደ ስልቻው ገለበጡ፤ በድብኝቱ ሆድ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ቀረ።

«እርሱንስ ምን ያደርጉታል?»

«የመስከረም ነው፤ የልጅቱ» አሉና ድንጋዩን መልሰው ገጠሙበት። ጓዳው ጥግ የተቦካ ጭቃ በገበቴ ተዘጋጅቶ ኖሯል። «ጠጠር ብሏል መሰል» አሉ እየነኩት፤ «እስቲ ልጄ፣ ያን ውኃ አቀብለኝ።»